የመልስ መልስ

በአድልዎ ስከሰው፣ መሥሪያ ቤቴ በመከላከያው ስለ እኔ የጻፈው 11 ገጽ ነው። ስሜ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዴ ተጠቅሷል፣ እሱም ከአባቴ ስም ጋር ተገለባብጦ። ከዚያ ወዲያ ስም የለኝም፣ "ከሳሽ" ነኝ። ከሳሽ ታረፍዳለች። ከሳሽ ከእንግዶች ጋር ስትነጋገር አለመግባባት ይፈጠራል። ከሳሽ ለሱፐርቫይዘርነት የሚያበቃ ልምድ የላትም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ በስልኬ አነበብኩት። ገጽ 6 ላይ ስደርስ "ይቺ ሴትዮ ግን ማናት?" አልኩ። የምሬን ነው። ስለ አንዲት የማላውቃት ሰነፍ የማነብ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ኩሽና ጠረጴዛው ላይ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ሲነጋ 9 ገጽ ሞልቻለሁ። ደግነቱ ያ 9 ገጽ ሳይላክ ቀረ። ብልከው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሆቴል ነው። ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ቢያልቅም አልጠራም። ሁለት ዓመት ሃውስኪፒንግ፣ ክፍል ማጽዳት፣ ሠራሁ፣ ከዚያ አራት ዓመት ፍሮንት ዴስክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ። የሱፐርቫይዘር ቦታ ሲወጣ አመለከትኩ። ማኔጀሬ ኮሪደር ላይ አቁሞኝ "ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ቦታ ብዙ ማውራት አለው፣ አክሰንትሽ ደግሞ ለእንግዶች ይከብዳል" አለኝ። የአነጋገር ዘዬዬን ማለቱ ነው። በሳምንቱ የመጣው ኢሜይል ስለ አክሰንት አንድ ቃል አይልም፤ "የበለጠ ልምድ ያለው ሰው መርጠናል" ነው የሚለው። የተመረጠው ልጅ ከመጣ ዘጠኝ ወሩ ነው። ማታ ሒሳብ እንዴት እንደሚዘጋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ በሱ ቅሬታ የለኝም።

ማርች 4 ለኤች አር፣ ለሰው ኃይል ክፍሉ፣ በጽሑፍ አቤት አልኩ። ማርች 25 በተለጠፈው ሼጁል፣ የፈረቃ ሰሌዳው ላይ፣ በሳምንት 40 የነበረው ሰዓቴ 24 ሆነ። ያኔ ነው ወደ ኢኢኦሲ የሄድኩት።

ኢኢኦሲ ማለት የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ሰዉ ታይትል ሰቨን የሚለው ክፍል፣ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በመጣችሁበት አገር የተነሣ በሥራ ላይ አድልዎ እንዳይደረግባችሁ ይከለክላል። ኮሚሽኑ ሥራ የጀመረው በ1965 ነው። ሕጉ የሚነካው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው። ቀኑ ያልፋል፣ እሱን ልብ በሉ፦ አድልዎው ከደረሰባችሁ ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባችሁ፣ እንደ ሜሪላንድ የክፍለ ግዛቱ የራሱ ሕግና መሥሪያ ቤት ባለበት ደግሞ 300 ቀን ድረስ። ብዙ የአገሬ ልጅ "እስቲ ይለፍ፣ እስቲ ይለፍ" ሲል ያለፈው ቀኑ ነው።

ክስ ካስገባችሁ በኋላ ኮሚሽኑ ለአሠሪው ያሳውቀዋል፣ አሠሪውም ፖዚሽን ስቴትመንት የሚባል መከላከያ ይጽፋል። በቀጥታ ቢተረጎም የአቋም መግለጫ ነው። የአቋም መግለጫ ሲባል ለእኔ የሚመጣብኝ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አንድ ሰውዬ ተነሥቶ "እኛ የስብሰባው ተሳታፊዎች" እያለ የሚያነበው ነው። ብዙም አልተሳሳትኩም፣ ቋንቋው ያው ነው። "ድርጅታችን ለእኩልነት ጽኑ እምነት ያለው" ምናምን።

ይሄን ጽሑፍ ጠይቃችሁ ማግኘት እንደምትችሉ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። እኔ አራት ወር ሙሉ አላወቅኩም ነበር። ከ2016 ጀምሮ ኮሚሽኑ በመላ አገሪቱ አሠራሩን አንድ አድርጎ፣ ከሳሽ ከጠየቀ የአሠሪውን መከላከያ ይሰጣል። የሚስጥር ናቸው የተባሉ አባሪዎች ይቀነሳሉ፣ ዋናው ግን ይደርሳችኋል። ከዚያ መልስ ለመስጠት ያላችሁ 20 ቀን ነው። ሁለት ሺፍት ለሚሠራ ሰው 20 ቀን ሦስት የእረፍት ቀን ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ 9 ገጼ ልመለስ። በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ በኋላ አስተረጉመዋለሁ ብዬ። ከዲቪ ነው የሚጀምረው። አዎ፣ ከዲቪ። እንዴት እንደመጣሁ፣ የመጀመሪያውን ክረምት ያለ ካፖርት እንዴት እንዳሳለፍኩ፣ በቀን 16 ክፍል ሳጸዳ ጀርባዬ እንዴት እንደነበር። ማኔጀሩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ከሚስቱ ጋር መለያየቱን ሳይቀር። "ዘረኛ" የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ አለ። መጨረሻው "እግዚአብሔር ይፍረድ" ነው።

ይዤው የሄድኩት ከኛ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ወደሚኖሩት አንድ ሽማግሌ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ብዙ ዓመት የሠሩ ናቸው፣ አሁን ሥራቸው የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ መቀበል ነው። መነጽራቸውን አድርገው ዘጠኙንም ገጽ አነበቡ። ቡናው ቀዘቀዘ። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፉና መለሱልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ መልስ አይደለም። ለቅሶ ነው። ለቅሶ የሚደርሰው ደግሞ ዘመድ ነው እንጂ መርማሪ አይደለም።"

ተቀየምኩ። "ጋሼ፣ እውነቱን እኮ ነው የጻፍኩት፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?" አልኳቸው።

"ከሥሩ አሉ እንጂ ከዲቪው አላሉም" አሉኝ።

ከዚያ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አስቀምጠው አስረዱኝ። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ ክስ ያቀርባል፣ ተከሳሽ መልስ ይሰጣል፣ ከሳሽ የመልስ መልስ ያቀርባል። የመልስ መልስ ክሱን ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም አይደለም። ክሱ ተነግሯል፣ መዝገብ ላይ አለ። አሁን የሚመራሽ እሱ የተናገረው ቃል ነው። "እሱ ያላለውን አትመልሺ፣ ያለውን አታሳልፊ" አሉኝ።

እኔ ግን የጻፍኩበት መንገድ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ በቤት ጉዳይ ልደታ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ደጅ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ታይፕ ጭናቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች ነበሩ። እናቴ ታወራለች፣ እሳቸው ይመታሉ። ሲነበብላት ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ጥሩ ተጽፏል ማለት ነው። እኛ ጋ ማመልከቻ የሚጻፈው ለሚራራ ሰው ነው። ክቡር ሆይ፣ ልጆቼ ሜዳ ላይ ሊበተኑ ነው፣ ይድረሱልኝ። ለዘመናት ወደ ላይ አቤት ስንል የኖርን ሰዎች ስለሆንን እጃችን ብዕር ሲይዝ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በዚህ አላፍርም። ግን የሚራራ ሰው ጋ አልነበረም የምልከው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ስንት ፋይል እንዳለ እግዜር የሚያውቀው አንዲት መርማሪ ጋ ነው።

ጋሼ ታዲያ ሌላውን ወግ አስታወሱኝ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር። "በላ ልበልሃ" የሚባለው ክርክር፣ ተጠየቅ የሚባለው። እዚያ አለቃቀስህ አያረታህም። የሚያረታህ የባላጋራህን ቃል ይዘህ በራሱ ቃል ስታስረው ነው። "አንቺ ራፖር ጽፈሽ መጣሽ" አሉኝ፣ "ይሄ ግን ተጠየቅ ነው።"

የልጄን ደብተር አምጥተው ገጹን መሐሉ ላይ አሰመሩበት። በግራ እነሱ ያሉት፣ በቀኝ እኔ እጅ ላይ ያለው። እኔ የማምነው አይደለም፣ የሚሰማኝም አይደለም፣ እጄ ላይ ያለው። 11ዱን ገጽ አንድ በአንድ ስንበልተው፣ የጌጡን ቃል ሁሉ ስናወጣለት፣ የቀረው አምስት ነገር ነው። ታረፍዳለች። ከእንግዳ ጋር አትግባባም። የተመረጠው የበለጠ ልምድ አለው። ሰዓቷ የተቀነሰው ገበያ ቀዝቅዞ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀጥረናል፣ ስለዚህ አድልዎ የለም። 11 ገጽ እኮ ነው ያንቀጠቀጠኝ!

ከማርፈዱ ጀመርን፣ በጣም የሚያናድደኝ እሱ ስለነበር። ስድስት ቀን ጠቅሰዋል። እኔ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ "ውሸት ነው፣ አርፍጄ አላውቅም" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጋሼ "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። የስልኬን ፎቶዎች ከፈትኩ። ሆቴል የምትሠሩ ታውቃላችሁ፣ ሼጁል ሲለጠፍ ሁላችንም ፎቶ እናነሣለን፣ ለክስ ብለን አይደለም፣ መቼ እንደምንገባ ለማወቅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ያነሣሁት ፎቶ ስልኬ ላይ ተኝቷል። ቀን ከቀን አመሳከርን።

አንደኛው ቀን ጃንዋሪ 7 ነው። ገና! ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ፈቃድ የጠየቅኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ማኔጀሩ ራሱ "ተፈቅዷል፣ መልካም በዓል" ብሎ የመለሰልኝ መልእክት አለ። ሥራ ባልነበረኝ ቀን ነው ያረፈድኩት። ሁለቱ ቀን ደግሞ 3 እና 4 ደቂቃ ነው፣ የራሳቸው የሠራተኛ መመሪያ እስከ 7 ደቂቃ እንደ ማርፈድ አይቆጠርም ይላል፣ ገጹ ተጠቅሷል። ቀሪዎቹ ሦስቱስ? እውነት ናቸው። አርፍጃለሁ። አንዱን ቀን ልጄ ታሞብኝ፣ ሁለቱን የቀይ መስመር ባቡር ቆሞ።

እዚህ ጋ ተጨቃጨቅን። እኔ ሦስቱን ዝም ብዬ ላልፋቸው ፈለግኩ። ጋሼ እምቢ አሉ። "ሦስቱን እመኚ። ሦስቱን ስታምኚ የገናዋን ያምኑሻል።" እኔ ደግሞ የዕምነት ቃል እንደሰጠሁ ተሰማኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። አሁን ሳስበው ከመልሱ ሁሉ ጠንካራው ቦታ እሱ ነው። ስድስቱም ውሸት ነው ብዬ ብልክና የባቡሯን ቀን የፓንች መዝገብ፣ የገባሁበትን ሰዓት የሚያሳየውን፣ ቢያወጡ፣ ማን ነው ከዚያ በኋላ ስለ ገና የሚሰማኝ?

የተመረጠውስ ልጅ ስንት ቀን አርፍዷል? ብዙ ጊዜ አርፍዶ ሲገባ አይቻለሁ። ግን መዝገቡ እኔ ጋ የለም። "እሱም ያረፍዳል" ብዬ ልጽፍ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። የጻፍነው እንዲህ ነው፦ የእሱ የፓንች መዝገብ ያለው አሠሪው ጋ ነው፣ ለተመሳሳይ ስድስት ወር የሁለታችንም እንዲጠየቅ አመለክታለሁ። በቃ። እጃችሁ ላይ የሌለውን ማስረጃ ማን ጋ እንዳለ መጠቆም ራሱ ሥራ ነው። መርማሪዋ የመጠየቅ ሥልጣን አላት፣ እኔ የለኝም።

አሁን አክሰንቱ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ስለዚህ ነገር ሳነብ በ1989 የተፈረደ አንድ ጉዳይ አገኘሁ። ማኑዌል ፍራጋንቴ የሚባል ከፊሊፒንስ የመጣ ሰው ነው። ሆኖሉሉ ውስጥ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሊቀጠር ተፈተነ። 721 ሰው ተፈትኖ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ቃለ መጠይቅ አድርገውለት አክሰንቱ ይከብዳል ብለው ጣሉት። እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ሆኜ ነበር የማነበው። ተረታ! ፍርድ ቤቱ አክሰንትና የትውልድ አገር የተያያዙ ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ሰበብ በደንብ መመርመር እንደሚያስፈልግ ተናግሯል፣ ግን ሥራው ቀኑን ሙሉ ሕዝብ ማነጋገር ስለሆነ የንግግር ችሎታ ማየታቸው አግባብ ነው ብሎ ፈረደበት። ከ721 አንደኛ የወጣው ሰውዬ። ስልኬን ወርውሬ ተኛሁ።

በማግስቱ ግን ደግሜ አነበብኩት። የገባኝ ነገር፣ "አክሰንትሽ" መባሌ ብቻውን አያረታኝም። ጥያቄው አክሰንቴ ሥራዬን በእውነት ያሰናክላል ወይ ነው። ፍራጋንቴ ቦታው ላይ አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፣ የነበረው የፈተና ውጤት ነው። እኔ ግን አራት ዓመት እዚያው ዴስክ ላይ ቆሜ ስልክ ሳነሣ፣ እንግዳ ሳስገባ፣ የተናደደ ሳረጋጋ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ስድቡን ትቼ ሥራውን መያዝ ነበረብኝ። የሱፐርቫይዘሩ ማስታወቂያ ላይ ከተዘረዘሩት ሥራዎች የትኞቹን በየቀኑ እንደምሠራ ጻፍኩ። እንግዶች በስሜ የጻፉልኝን ምስጋና አያያዝኩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢቫሉዌሽኔን፣ የሥራ ግምገማዬን። ከመከልከሌ አራት ወር በፊት ማኔጀሩ ራሱ "ከእንግዳ ጋር መግባባት" በሚለው መስመር ላይ "ከሚጠበቀው በላይ" ብሎ ፈርሞበታል። አራት ወር ውስጥ አክሰንቴ ባሰበት? አማርኛው ጨመረ?

ይሄ የመጨረሻው ቀልድ ከመልሱ ውስጥ ወጥቷል። ጋሼ ናቸው ያወጡት። እኔ አሁንም ደስ ይለኛል።

ማኔጀሩ ኮሪደር ላይ ያለኝን የሰማ ሰው አለ? አንዲት ልጅ ሰምታለች፣ የኛው ልጅ ናት። ምስክር ትሆኚኛለሽ ስላት ዓይኗን ሰበረች። ለምስክርም ሕጉ ይከላከላል፣ በመመስከሯ ሊበቀሏት አይችሉም፣ ነገርኳት። "አውቃለሁ፣ ግን ኪራይ ሕጉ አይከፍልልኝም" አለችኝ። ምን ልበላት? አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው፣ ተቀይሜያታለሁ፣ ግን እኔም እሷን ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስሟን ግን ጻፍኩ፤ ምስክር አድርጌ ሳይሆን እዚያ የነበረች ሰው ብዬ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር። ለእሷም ነግሬያታለሁ። አሁን ሰላምታችን ቀዝቀዝ ያለ ነው።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ለምን ቀድተሽ አታስቀሪውም ነበር? አሁንም ግቢና አናግሪው፣ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ክፈቺ" እያለ ይወተውተኛል። እሱ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ እዚያም ዲሲም ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ በቂ ነው። ሜሪላንድ ግን ሁሉም ተነጋጋሪ ካልፈቀደ መቅዳት ወንጀል ነው። ወንዝ ተሻግራችሁ የምትሠሩ ሰዎች ይቺን አትርሱ። ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ተከሳሽ ሆኜ ልመለስ ነበር።

ልምድ ስለሚለው ብዙ አላወራም። ማስታወቂያው "ሁለት ዓመት የፍሮንት ዴስክ ልምድ" ይላል፣ ማስታወቂያውን አያያዝኩ፣ የእኔን የቅጥር ቀን ጻፍኩ፣ የእሱን ያሰለጠንኩበትን ሳምንት ጻፍኩ፣ አራት መስመር ነው። ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሦስት የተለያየ ምክንያት ሰጥተውኛል። ኮሪደር ላይ አክሰንት፣ ኢሜይሉ ላይ ልምድ፣ ለኮሚሽኑ ደግሞ ማርፈድ ተጨመረ። በፊት ማንም ስለ ማርፈድ አንስቶብኝ አያውቅም፣ አንድም ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ የለም።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ፐርሲ ግሪን ስለሚባል ሰው ሳነብ ነው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ማክዶኔል ዳግላስ በሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ መካኒክ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የመብት ታጋይም ነው። አንቀጥርህም ሲሉት ከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ውሳኔ ሰጠ። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ከዚያ ነው የመጣው። መጀመሪያ ከሳሽ ጥርጣሬ የሚያስነሣ መነሻ ያሳያል። አሠሪው ሕጋዊ ምክንያት ያቀርባል። ከዚያ ኳሷ ወደ ከሳሽ ትመለሳለች፤ ያ ምክንያት ሰበብ እንደሆነ ማሳየት አለበት። አሁን የምጽፈው መልስ ቦታው እሱ ነው፣ ሦስተኛው ላይ። ክፉ ሰዎች ናቸው ማለት ሰበብ መሆኑን አያሳይም። ምክንያታቸው ከቀን ወደ ቀን መለዋወጡ ግን ያሳያል።

የሰዓቴ ነገር ቀላሉ ነበር፣ እንዲያውም ሳቅ ነው። "በወቅቱ የእንግዳ ቁጥር በመቀነሱ" ይላሉ። መቼ? ከማርች 25 ጀምሮ። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ አሁን ሳቃችሁ። ቼሪ ብሎሰም፣ ሰው አበባ ሊያይ የሚጎርፍበት ሰሞን! ዓመቱን ሙሉ ክፍል የማይገኝበት ጊዜ ካለ እሱ ነው። የእነዚያን ሳምንታት ሼጁል ፎቶ አያያዝኩ፣ የሌላው ሰው ሰዓት አልተነካም፣ እንዲያውም ሁለቱ ኦቨርታይም ገብተዋል። እዚህ ላይ የሚረዳኝ ሌላ ውሳኔ አለ፣ የ2006 ነው። ሜምፊስ ውስጥ የባቡር ድርጅት ውስጥ ፎርክሊፍት ትነዳ የነበረች ሺላ ዋይት የምትባል ሴት፣ አቤት ስትል ወደ ከባዱ የሐዲድ ጉልበት ሥራ አዛወሯት፣ በኋላም 37 ቀን ያለ ደመወዝ አገዷት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበቀል እርምጃ ለመባል የግድ መባረር አያስፈልግም፣ ማንንም ጤነኛ ሠራተኛ አቤት ከማለት የሚያስፈራ ነገር ከሆነ ይበቃል አለ። ከሳምንት ገቢዬ 16 ሰዓት መቀነስ ያስፈራል ወይስ አያስፈራም?

"ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀጥረናል" ለሚለው አንድ አንቀጽ በቃው። እውነት ነው፣ ቀጥረዋል። ሃውስኪፒንግና ልብስ ማጠቢያ ሂዱ፣ አማርኛ ነው የሚነገረው። ሱፐርቫይዘር የሆነ ግን በእኔ ስድስት ዓመት አንድ አላየሁም፣ ዝርዝሩ ከአሠሪው እንዲጠየቅ አመለከትኩ። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮነቲከት ሠራተኞች የዕድገት ፈተና ጉዳይ ላይ፣ አጠቃላይ ቁጥሩ ጥሩ መሆኑ የተበደለውን አንድን ሰው መብት አያስቀርም ብሏል። ይሄን ግን መልሱ ውስጥ አላስገባሁትም። ሕግ መጥቀስ የጠበቃ ሥራ ነው፣ እኔ የምጠቅሰው ቀን ነው።

ትርጉሙን በራሴ እንግሊዝኛ ጻፍኩት። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ "እማ ቆይ" ብሎ ቻትጂፒቲ ውስጥ አስገባው። ውይ እንዴት ያምር ነበር! ግን ማኔጀሩ "በተደጋጋሚ" እንደሰደበኝ ይላል። አንድ ጊዜ ነው ያለኝ። ሰውነቴ "በሕክምና የተረጋገጠ ጭንቀት" ደርሶበታል ይላል። ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ሰዋስው ብቻ አስተካክል አልነው፣ ከዚያም እኔና ልጄ መስመር በመስመር አነበብነው። በገዛ እጄ ሌላ የማላውቃት ሴትዮ ልፈጥር ነበር።

ተጨርሶ 4 ገጽ ሆነ። ዘጠኝ አባሪ፣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ የትኛው አባሪ እንደሚደግፈው ተጽፏል። "ዘረኛ" የሚለው ቃል የለም። የማኔጀሩ ሚስት የለችም። ምርመራው እስኪያልቅ ኮሚሽኑ የእኔን መልስ ለአሠሪው አይሰጥም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ግን ፋይሉን ሊያዩት ይችላሉ። ጋሼም "ማኔጀርሽ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እንደሚያነበው አድርገሽ ጻፊው" ብለውኝ ነበር።

በ18ኛው ቀን በኮሚሽኑ ፖርታል ላይ ጫንኩት። ዘጠኙን ገጽ ለቅሶ አልጣልኩትም። መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ አነበዋለሁ፣ ደህና ተጽፏል።

ሁለት ወር ተኩል ዝም። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ደወለች። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ፣ አልፈልግም አልኩ። የጠየቀችኝ ስለ ሦስት ነገር ነው፦ ስለ ጃንዋሪ 7፣ ስለ ኢቫሉዌሽኑ ፊርማ፣ ስለ ማርች 25 ሼጁል። የሁለታችንን የፓንች መዝገብ ከሆቴሉ እንደጠየቀች ነገረችኝ። ውጤቱ ምን እንደሚሆን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መጨረሻ ላይ ኮሚሽኑ ምንም ባይወስን እንኳ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት የሚሰጥ ደብዳቤ ይመጣል፣ ከመጣ ጀምሮ 90 ቀን ነው፣ ስለዚህ ጠበቃ ከአሁኑ እየፈለግኩ ነው። "ድገሚልኝ" ያለችኝ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም መስመሩ ተቆራርጦ።

ስልኩን ስዘጋ ደብተሩን አውጥቼ ቀኑን፣ ሰዓቱንና 38 ደቂቃ ማውራታችንን ጻፍኩ። ከዚያ ሮጥኩ፣ ሺፍቴ ሊጀምር ነበር። 4 ደቂቃ ቀድሜ ፓንች አደረግኩ።